የመድኃኒት ቤቱ ታፔላ

ሰዉ ቶሎቶሎ ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ታፔላ ይበይዳል፣ ይቀባል፣ ይሰቅላል። ዛሬ ያዘዝከውን ነገ ግድግዳህ ላይ ታገኘዋለህ። ደፋር እንዳይመስላችሁ! እንደሱ ያለ ፈሪ በዚያ ሰፈር አልተፈጠረም። የሚቸኩለውም ከፍርሃቱ የተነሳ ነው።

ታፔላ ለመስቀል ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመልከቻ ታስገባለህ፣ የቤቱ ባለቤት ይፈርማል፣ የግድግዳው ፎቶ ይያያዛል፣ ከዚያ ተቆጣጣሪው መጥቶ እስኪያየው መጠበቅ ነው። መስኮቱ ጋ ስትደርስ «ዛሬ ሲስተም የለም» ይሉሃል፤ ነገ ስትሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ነጋዴ ደግሞ ሱቁን ከፍቶ ያለ ታፔላ እስከ መቼ ይቀመጣል? ስለዚህ ታፔላ ሠሪዎቹ አንድ ዘዴ አላቸው፣ «ሰቅለህ ጠይቅ» ይሉታል። ቅዳሜ ከሰዓት ተቆጣጣሪዎቹ ቤታቸው ሲገቡ፣ ለጊዜው ነው ብለህ በሁለት ብሎን ታንጠለጥለዋለህ። ፈቃዱ ሲመጣ ተመልሰህ በደንብ ታስረዋለህ። ከተመለስክ ነው እንግዲህ!

የመድኃኒት ቤቱንም እንደዚሁ ሰቀለው። ከባድ ታፔላ ነው፤ ብረቱ፣ መስታወቱ፣ መብራቱ፣ ሁሉም ከበሩ በላይ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ የሚንጠለጠል። ግድግዳውን ሲበሳ መሰርሰሪያው ያለ ምንም ትግል ዘው ብሎ ገባ። ያኔውኑ ገባው። ቢሙን፣ ማለት የአርማታውን ማገር፣ ስቶ ብሎኬቱን ነው የበሳው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ቀዳዳ ይበሳ ነበር። እሱ ግን መንገዱ ጫፍ ላይ መኪና ሲቆም ሰማና «መጡብኝ!» አለ። ቀዳዳው ውስጥ እንጨት ሸጎጠ፣ ብሎኑን አስገባ፣ ከመሰላሉ ወረደ። የመጣው የዳቦ መኪና ነበር። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ!

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለውም። ታፔላው ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። ልጅ ያቀፉ እናቶች፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች መድኃኒታቸው እስኪዘጋጅ ጥላውን ብለው እዚያ ይቀመጣሉ። በዚያ ባለፈ ቁጥር አንጋጦ ብሎኖቹን ያያል። ንፋስ ከተነሳማ ምግቡን ትቶ ደጅ ይወጣል።

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ምንም አልሆንኩ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በመጨረሻ ጭንቁ ሲብስበት ነገራት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለችው።

«ያለ ፈቃድ መስቀሌ ከታወቀ ከሥራ ያግዱኛል። ልጆቹን ምን ላበላቸው ነው?»

«ሰው ከገደልክ በኋላስ ምን ልታበላቸው ነው?»



እንዲህ ሲብሰለሰል ተቆጣጣሪው መጣ። ከታች ሆኖ አንጋጠጠ፣ መቼ እንደተሰቀለ እንኳ ሳይጠይቅ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለካ፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ። ፈቃዱ ወጣ። ባለመድኃኒቷ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በመስታወት አሠርታ ከመደርደሪያዋ በላይ አኖረችው። ቶሎቶሎ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ፤ ከእንግዲህ በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ ማጥበቅ ይችላል። እየበረረ ሄደ።

«እትዬ፣ ለትንሽ ሰዓት ላውርደውና በደንብ ላጥብቀው።»

«እንኳን ልታወርደው ጣትህን እንዳታሳርፍበት! ከተፈቀደ በኋላ የተነካ ታፔላ አዲስ ፈቃድ ይጠይቃል ተብያለሁ። ያንን መስኮት እንደገና ልለማመጥልህ?»

«ትንሽ የላላ ይመስለኛል፣ እትዬ...»

«ሰውየው መጥቶ አይቶ ያጸደቀውን አንተ ላላ ትለኛለህ?»

እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። አቃተው። እግሩን እየጎተተ ወጣ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን፣ ቀትር ሊሆን ሲል፣ ቆርቆሮ የሚያንኳኳ ንፋስ ተነሳ። ቶሎቶሎ መሰላሉን ተሸክሞ ሮጠ። ሲደርስ ታፔላው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ከሥሩ ሕፃን የምታጠባ ሴትና ሁለት አዛውንት ተቀምጠዋል።

«ተነሱ! ስለ ፈጣሪ ተነሱ!» ብሎ ጮኸ። ደንግጠው ተነሱ።

ባለመድኃኒቷ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። «አብደሃል እንዴ? ፖሊስ እጠራለሁ!»

«ይጥሩ እትዬ! ባዶ ብሎኬት ላይ ነው የሰቀልኩት። እያወቅሁ ነው፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት!»

ይህን ብሎ መሰላሉን ወጣ። ብሎኑን ለመፍታት ቁልፍ አላስፈለገውም፤ በሁለት ጣቱ ሲስበው ከነእንጨቱ ወጣ። ታፔላው ዘንበል ብሎ ትከሻው ላይ አረፈ፣ መሰላሉ ተወዛወዘ። አለቀልኝ አለ። ወደ ታች ሲያይ ባለመድኃኒቷ ከነነጭ ጋውኗ መሰላሉን በሁለት እጇ ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች።

«እትዬ፣ በእናትዎ ከሥሬ ይውጡ!»

«አፍህን ዝጋና ውረድ!»

ሁለቱ አዛውንት ምርኩዛቸውን ጥለው ታፔላውን ከግራ ከቀኝ ተቀበሉት፤ እንደምንም አወረዱት። ቶሎቶሎ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ።  ባለመድኃኒቷ ውሃ አመጣችለት። አሁን ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ብሎኑን ከመሬት አንስታ አገላብጣ አየችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«እንዲህ አድርገህ የሰቀልከው የኔን ብቻ ነው?»

ቀና ብሎ መንገዱን አየ። የጥርስ ሐኪሙ። የጫማ ቤቱ። ከማዞሪያው ወዲያ ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ልክ ከበሩ በላይ። ተመልሶ ያጠበቀው አንድም የለም። ንፋሱ እንደሆነ ገና አልበረደም።

«እትዬ፣» አለ፣ ውሃውን ሳይጠጣ፣ «ሕፃናቱ የሚለቀቁት ስንት ሰዓት ነው?»

ሰዓቷን አየች።

«አሁን ነው» አለች።