ብርሃን የማይቀበል ፊት

አንድ በደል በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። ሰበታ ውስጥ አንድ ፎቶ አንሺ ነበር። ፊቱ ጠቆር ያለ ሰው በመጣ ቁጥር «ፊትህ ብርሃን አይቀበልም» እያለ ፓውደር ይለቀልቅበት ነበር። ጥፋቱ የመብራቱ ነው። እሱ ግን በሰው ፊት ላይ አላከከው፤ ሰዉም አመነው። ስንቱ አንገቱን ደፍቶ ከዚያ ቤት እንደወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ስለሆነ አሳምሬ አልጽፈው ይሆናል፤ እውነቱን ግን አላጎድልም።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ሲፈን ናት። ቡራዩ አብረን ነው የምንኖረው። ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ከርማ፣ በቃ ሳሎናችን ውስጥ የሰው ፎቶ አነሳለሁ ብላ ተነሳች። ካሜራ ከጓደኛዋ አግኝታለች፤ የቀራት መብራት ነበር። ባለፈው ጥቅምት አዲስ አበባ አንድ ዕቃ ቤት አብሬያት ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ነው። ክብ መብራት አወጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ትንሽ ሆኖ ዓይን የሚወጋ ሌላ አወጣ።

«እኔ ለስላሳ ብርሃን ነው የምፈልገው» አለችው ሲፈን። «ጥላው ፊት ላይ ቀስ ብሎ የሚጠፋ።»

«እሱ ለቀይ ሰው ነው እህቴ። ለጠቆር ያለ ሰው ይሄ ጠንካራው ነው የሚሻልሽ። ጥቁር ፊት ብርሃን ይበላል።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «አንተ ልጅ፣ ይህን ማን ነገረህ?»

«ማዘር፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር እኮ ነው» አለኝ እየሳቀ።

«ሁሉም ሰው! እኔ ሰው አይደለሁም? ፊት ምንም አይበላም፤ ዝም ብሎ የሚለፈልፍ አፍ ግን የሰው ሞራል ይበላል!»

ሲፈን ክንዴን ይዛ «አኮ፣ ተይው በናትሽ» አለችኝ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ እንድለዝብላት ስትፈልግ ድምፅዋን እየጎተተች ትጠራኛለች። ያን ቀን ግን አልለዘብኩም። ከሃምሳ ዓመት በፊት የሰማሁትን ቃል፣ ያኔ ያልተወለደ ልጅ መልሶ ሲነግረኝ እንዴት ልለዝብ?

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያ የሰበታው ፎቶ አንሺ፣ ጋሽ ወርቅነህ ዘንድ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሥራዬ ማበጠሪያና መስታወት ማቀበል፣ ለደንበኛ የሚዋሰውን ኮት ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ማጥበብ፣ የፓውደሩን ስፖንጅ ማጠብ ነው። ክረምት ላይ የሰበታ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። በር ላይ በርሜል ውኃ ነበረን፤ ፎቶው የሚያሳየው እስከ ደረት ሆኖ ሳለ፣ ሁሉም እግሩን ሳይታጠብ አይገባም። ሰው ለፎቶ እንዲህ ይጠነቀቅ ነበር። ያቺ ጥንቃቄ ናት እስከ ዛሬ አንጀቴን የምትበላው። እግሩን ታጥቦ ለመጣ ሰው ያ መልስ ይገባዋል?

ጋሽ ወርቅነህ ሁለት አምፖል ነበረው። ሁለቱም ያለ ምንም መከለያ፣ ፊት ለፊት ከላይ ይንቦገቦጋሉ። ጠይም ሰው ሲቀመጥ ግንባሩና አፍንጫው እንደ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፣ ዓይኑ ጉድጓድ ይገባል። ጋሽ ወርቅነህ ታዲያ አምፖሉን አይነካም። «ጉደቱ፣ ፓውደር!» ይለኛል። አቀብለዋለሁ። እውነቱን እጽፋለሁ ካልኩ ይህንንም መጻፍ አለብኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን አማረች የምትባል ልጅ መጣች። ከወላይታ መጥታ ክር ፋብሪካ የምትሠራ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ፣ ጥርሰ ፍንጭትና ሳቂታ። አገሯ «አማረች ታማ ሞተች» የሚል ወሬ ደርሶ እናቷ ለቅሶ ልትቀመጥ ነው። ደብዳቤ እንዳትልክ እናቷ ማንበብ አትችልም፤ ሌላው የሚያነብላትንም ሊያጽናናኝ ነው ብላ አታምንም። አጎቷ በማግስቱ ጧት ወደ አገር ይሄዳል። ፎቶ ይዞ ካልሄደ በቀር እናትየው ልጄ በሕይወት አለች ብላ አታምንም።

ጋሽ ወርቅነህ እንደ ልማዱ ፓውደር ለቅልቆ ጧት ያነሳት ፎቶ በምሳ ሰዓት ደረሰ። አማረች ተቀብላ አየችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና አየችው።

«ይህቺ ማናት?»

«አንቺ ነሻ» አላት ጋሽ ወርቅነህ።

«እኔ? አመድ ላይ ወድቄ የተነሳሁ ነው እኮ የምመስለው! እናቴ ይህን ብታይ ሬሳዋን ነው ያነሱት ብላ ድንኳን ትጥላለች።»

«ታዲያ ምን ላድርግሽ? ፊትሽ ብርሃን አይቀበልም። እግዜር የሠራውን እኔ አልቀይረው።»

«ብርሃን ካልተቀበለ በመስታወት እንዴት አየዋለሁ?»

ጋሽ ወርቅነህ ኮቱን ደርቦ ወደ ምሳው ሄደ። አማረች ከመስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቅቅል ድንቼን በሚጥሚጣ አካፈልኳት። ያን ቀን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጧት ያጠብኩት ነጭ አቡጀዲ እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል። ፀሐይዋ በአቡጀዲው ውስጥ አልፋ ስትገባ ጨርቁ በሙሉ ብርሃን ሆነ። ቀና ብዬ አማረችን ሳያት የጎረስኩት ድንች አፌ ውስጥ ቀረ። ፊቷ ላይ የሚያብለጨልጭም የሚጨልምም ነገር የለም። ጉንጯ፣ እንባዋ፣ ሚጥሚጣ ያቃጠለው ከንፈሯ፣ ሁሉም በየቦታው ይታያል።

«ተነሺ ታጠቢ» አልኳት። «ፓውደር የሚባል ነገር እንዳትነኪ።»

ካሜራውን ከነእግሩ ጎትቼ አመጣሁ። እሱ ሲያነሳ አንድ ዓመት አይቻለሁ፤ ነክቼው ግን አላውቅም። በርጩማውን ወደ አቡጀዲው አስጠጋሁት፤ በወዲያኛው ጉንጯ በኩል ጥላ ሲበዛብኝ ነጭ ነጠላዬን ወንበር ላይ ዘረጋሁ፤ ብርሃኑ ከነጠላው ነጥሮ ጥላውን አሳሳው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩ።

ጋሽ ወርቅነህ ሲመለስ ካሜራው ቦታው ላይ የለም።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ መሃይም! ፊልሙን አውጥቼ ነው የምጥለው!»

አማረች በሩ ላይ ቆመች። «ታጥቦ ሳላየው ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ፋብሪካውም ያባርረኝ።» ደንበኛ መግባት ሲያቅተው ጊዜ፣ ጋሽ ወርቅነህ እየተሳደበ ፊልም የሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ገባ።

ሲወጣ ስድቡ ቆሞ ነበር። እርጥቡን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አማረች አየችውና ሳቋን ለቀቀችው። «ይኸውላችሁ! የእናቴ ልጅ ይህቺ ናት!»

እኔ ግን አልሳቅኩም። «ጋሽ ወርቅነህ፣ ታዲያ ጥፋቱ የፊቷ ነበር ወይስ የመብራቱ?»

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አለኝ።

ፎቶው ተልኮ ደረሰ፤ ለቅሶውም ቀረ። ከወር በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ የአማረች ፎቶ በትልቁ ታጥቦ የፎቶ ቤቱ የመስኮት መስታወት ላይ ተሰቅሏል። እንደዚህ አንሳኝ እያለ ስንት ሰው ገባ። ውስጥ ግን የሚጠብቀው ያው አምፖልና ያው ፓውደር ነበር።

ከመብራት ሻጩ ጋር ተጣልተን ያን የጥቅምት ቀን ባዶ እጃችንን ተመለስን። በሳምንቱ ሲፈን ከሌላ ቤት አንድ ተራ መብራት፣ መቆሚያውንና ብርሃን የሚያሳልፍ ሰፊ ነጭ ጃንጥላ ገዛች። ከዚያ በላይ ለጀማሪ አያስፈልግም። ሰፊ ሆኖ ለፊት ቀረብ ሲል ብርሃኑ ይለሰልሳል፤ ሲርቅ ይጠነክራል። የሳሎኑን አምፖል አጥፊ፣ ጃንጥላውን ከጎን ከፍ አድርገሽ አቁሚ፣ በወዲያኛው በኩል ነጭ አንሶላ ስቀይ አልኳት። መጀመሪያ ያነሳችው እኔን ነው። እንደ ከሰል የጠቆርኩ አሮጊት ነኝ፤ እያንዳንዱ ሽብሽቤ ሳይቀር ብርሃን ተቀብሏል።

ጋሽ ወርቅነህ ሱሉልታ ሴት ልጁ ቤት እንደሚኖር ከሰበታ ሰው ሰምቼ ነበር። ልጅቷ ጋ አስደወልኩና፣ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዘን ከነጃንጥላው ወጣን። ሜዳው ላይ ድርቆሽ ተከምሯል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዱላ ይዞ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘነው። እርጅና እሱንም አጥቁሮታል። ሲፈን ቤት አስገብታ፣ ጃንጥላውን አስጠግታ አነሳችውና ካሜራው ላይ አሳየችው። ካሜራውን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አቀረበው።

«ጋሽ ወርቅነህ» አልኩት፤ «ጉደቱ ነኝ። ሲያባርሩኝ ያልመለሱልኝ ጥያቄ አለ። ጥፋቱ የፊቷ ነበር ወይስ የመብራቱ?»

ካሜራውን ለሲፈን መለሰላት።

«የመብራቱ ነበር» አለኝ። «ያን ቀን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ እያለሁ ነው ያወቅኩት። ያንቺን አቡጀዲ ብሰቅል ግን፣ እስከዚያ ቀን ፓውደር ቀብቼ ለሸኘሁት ሰው ሁሉ ጥፋቱ የኔ ነበር ማለት ሊሆንብኝ ነው።»