ከሱሪው ሥር የተጠመጠመው ሽርጥ

ሰው በሰባ ሁለት ዓመቱ የልጁን ሠርግ ሲጠብቅ ስለ ዱዓና ስለ ምርቃት ያስባል። እኔ ስለ ሱሪ አስብ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ልጄ የሚኖረው እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አለሁ፤ ዕድሜዬ ትዝ የሚለኝ ሊፍቱ ሲበላሽ ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮል አደረገኝና፣

«ባባ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፣ ግን እንዳትስቅ» አለኝ።

«ካላሳቅከኝ አልስቅም።»

«የሷ አባትና ወንድሞቿ ሠርጉ ላይ ኪልት ነው የሚለብሱት።»

«ምንድነው እሱ?»

«ስከርት... ጉርድ ቀሚስ በለው። ግን የወንድ ነው። አያቶቻቸው ከስኮትላንድ ናቸው የመጡት። ለነሱ እንደ ሱፍ ነው፣ ፎርማል ነው።»

አልሳቅኩም። እኔ ሳልስቅ ስቀር ደግሞ ልጄ ይደነግጣል።

«ባባ፣ ተቀየምክ እንዴ?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! የኛስ ወገን ምን ይለብሳል?»

«ኖርማል ሱፍ። ላንተ እኔ እከራይልሃለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ወደ ቁም ሳጥኔ ሄድኩ። ታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ የአባቴ ሽርጥ አለ። ነጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጥለት አለው። ዛሬ ከተሜው ሽርጥን የቤት ልብስ አድርጎታል፤ ከሥራ ሲገባ ሱሪውን አውልቆ፣ ሽርጡን አገልድሞ ፍራሽ ላይ ይጋደማል። በኛ አገር፣ በባቲ በኩል፣ በአባቴ ዘመን እንዲህ አልነበረም። ለሰኞ ገበያ የሚለበስ ሽርጥ ሌላ፣ ለኢድና ለሠርግ የሚለበስ ሌላ ነበር። አባቴ ይህንን ነጩን አገልድሞ፣ ከላይ ኮት ደርቦ፣ ጥምጥሙን አሳምሮ፣ ዱላውን ይዞ ሲወጣ መንደርተኛው ከተቀመጠበት ይነሳ ነበር። በዚህ ልብስ ሽማግሌ ሆኖ ስንቱን ባላንጣ አስታርቋል። እሱ ሱፍ ለበስኩ የሚለው ይኼን ሲለብስ ነው።

እና አንድ ነገር አማረኝ። ልጄ እንደገና ደውሎ፣ «ባባ፣ እነሱ የነሱን ከለበሱ አንተም ያንተን ልበስ» እንዲለኝ። ይኸው ነው። ራስህ አትለውም ወይ ለሚለኝ መልስ አለኝ፦ አልችልም። ምላሴን የያዘችው አንዲት የትምህርት ቤት ኮሪደር ናት።

ልጄ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። እኔ ሌሊት ታክሲ ነድቼ፣ ጠዋት ሽርጤን አገልድሜ ተኝቼ ነበር። ትምህርት ቤቱ ደወለ፤ ልጅህ ትኩሳት አለው፣ ና ውሰደው አሉኝ። እናቱ ሥራ ላይ ነበረች። የመኪናዬን ቁልፍ ይዤ እንደተነሳሁ በረርኩ። ሽርጥ መልበሴ ትዝ ያለኝ እዚያ ስደርስ፣ የልጆቹ ሰልፍ ወደኔ ዞሮ ሲያፈጥ ነው። ልጄ በትኩሳት ፊቱ ቀልቶ መጣና በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ቀሚስ ለብሰህ መጣህ? ሁለተኛ እንዲህ ሆነህ እዚህ እንዳትመጣ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽርጥ ለብሼ ከደጄ ወጥቼ አላውቅም፤ ቆሻሻ ልጥል እንኳ ሱሪ እለብሳለሁ። ለኢድ ሶላትም እንደዚያው። እናቱ በሕይወት ሳለች «የስምንት ዓመት ልጅ ፈርተህ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እውነቷን ነው። ከዚያ በፊት ማንንም አልፈራም ብዬ አወራ የነበርኩት ሰውዬ!

ሱፉን ልንለካ አሌክሳንድሪያ ወዳለ ሱቅ ሄድን። ቤልትዌዩ አውራ ጎዳና ላይ ልጄ ስለ ወንበር አደራደር ሲያወራ እኔ የምጠብቀውን ቃል እጠብቃለሁ። ኒካሁ ባለፈው ወር በአሥር ደቂቃ አልቆ ነበር፤ የሚለብሰውን ለመምረጥ ጊዜ ያገኘ አልነበረም። የቀረው ይኼ ድግስ ነው።

ሱቁ ስንደርስ የሙሽሪት አባት ቀድመውናል። እንደኔው ያረጁ፣ ግን እንደኔ ያላጠሩ ሰው ናቸው። ከመለኪያው ክፍል ኪልታቸውን ለብሰው ወጡ። አረንጓዴና ሰማያዊ ዳማ ነው፤ ከኋላው እጥፍ በእጥፍ የተሸነሸነ፣ ከፊቱ ደግሞ ከጠጉር የተሠራ ቦርሳ የተንጠለጠለበት። ከላይ ጥቁር ኮት። ቆመው ሳሉ፣ ወላሂ፣ ግርማ ነበራቸው። ከዚያ ተቀመጡ።

እንዴት እንደተቀመጡ አልናገርም። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ድንገት ጣራውን ማድነቅ እንደጀመረች ብቻ ልናገር።

ሽርጥ ለባሽ አባት ልጁን አስቀድሞ የሚያስተምረው መቀመጥ ነው። በኔ እንግሊዝኛ፣ «ይቅርታ፣ ይነሱማ» አልኳቸው። ተነሱ። «ከኋላ በእጅዎ ጠራርገው ይቀመጡ። እንዲህ። አሁን የመኻሉን በጉልበትዎ መኻል ሰብሰብ። ጉልበት ገጠም።» ሱሪ ለብሼ በባዶ እጄ አሳየኋቸው። እሳቸውም ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስተው ተቀመጡ።

«ከራሴ ሠርግ ወዲህ ለብሼው አላውቅም» አሉኝ እየሳቁ። «ይህን ከየት ተማርከው?»

«ካባቴ። እኛም አለን።»

«ታዲያ ምነው አንተ ሱፍ ትከራያለህ?»

ልጄን አየሁት። ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሰምቷል አልሰማም? ጠበቅኩ። ትንሽ ጊዜ ጨመርኩለት።

«የኔው እጥበት ላይ ነው» አልኳቸው።

እንደ ተማሪ ዋሸሁ። ልጅቷ ወገቤን ለካች፤ ሱሪው ልክክ አለ፤ ተመለስን።

በእሱ ላይ መፍረድ እንደማልችል ግን አውቃለሁ። ይኼን ማፈር አሜሪካ አልፈጠረውም፤ እኔ ነኝ ከአገር ይዤው የመጣሁት። አዲስ አበባ ከኮሌጅ ስመረቅ አባቴ ከባቲ በአውቶቡስ መጣ፤ ይኸንኑ ነጭ ሽርጥ፣ ያንኑ ኮት ለብሶ። መንገዱን ሙሉ እንዳይጨማደድ እየተጠነቀቀ ነው የመጣው። እኔ የተማርኩት ልጅ ደጅ ተቀብዬው፣ ጓደኞቼ ሳያዩት ወደ መኝታ ክፍሌ አስገባሁትና ከአንዱ የተዋስኩትን ሱሪ ሰጠሁት። የሱሪው ባለቤት ከአባቴ በአንድ ስንዝር ያጥራል፤ በወገብ ግን ይሰፋል። አባቴ ሱሪውን አየው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«አብሽር ልጄ» አለ። «ላንድ ቀን አይደል?»

ያንን ቀን ሙሉ ባንድ እጁ ወገቡን ይዞ፣ የሌላ ሰው እግር እንደተዋሰ ሰው ተራመደ። ሌላ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ይምጡ ስለው እርሻውን፣ ዝናቡን፣ ጉልበቱን እያመካኘ ቀረ። እኔ እዚህ ሳለሁ ወደ አኼራ ሄደ። ሽርጡ በሰው ሻንጣ ውስጥ መጣልኝ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ ልጄ ሊወስደኝ ሳይመጣ በፊት፣ አንድ ተንኮል አሰብኩ። ሽርጡን ርዝመቱን አጣጥፌ ወገቤ ላይ እንደ መቀነት ጠመጠምኩት። ከላይ ሸሚዝ፣ ከዚያ ሱሪ። ማንም ሳያይ አባቴን ሠርጉ ላይ ላስገባው ነበር ሐሳቤ። ሱሪው የተለካው ግን ያለ አባቴ መሆኑን ረሳሁ። ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ቢስሚላህ ብዬ ቆለፍኩት። ቁልፉ ተፈናጥሮ መስተዋቱን መታው።

ልጄ ያን ጊዜ ገብቶ ሳሎን ነበር። ሮጦ መጣ።

«ባባ፣ ባለፈው ሳምንት ልክህ ነበረ እኮ! ምን በላህ?»

«ደስታ ነፍቶኝ ነው።»

«እስቲ ልየው» ብሎ ሸሚዜን ገለጥ አደረገ። አረንጓዴው ጥለት ብቅ አለ። «ምንድነው ይሄ?»

«ያያትህ ሽርጥ።»

«ለምን ከውስጥ ታስረዋለህ?»

«ከላይ ብለብሰው እንዳታፍርብኝ።»

«እኔ? መቼ ነው ባንተ ያፈርኩት?»

ነገርኩት። ኮሪደሩን፣ ትኩሳቱን፣ ያለኝን ቃል በቃል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ከትዝታው ውስጥ ፈለገው። ሲፈልግ አይቼዋለሁ።

«ትዝ አይለኝም» አለ በመጨረሻ። «ወላሂ ባባ፣ ምንም ትዝ አይለኝም።»

አላመንኩትም ልል አልችልም፤ ልጄ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ ጆሮው አልቀላም። ሃያ ስድስት ዓመት! እኔ ተሸክሜው የዞርኩትን እሱ ገና ከትኩሳቱ ሳይነቃ ጥሎታል። ልስቅ ወይም ላለቅስ ወስኜ ሳልጨርስ ሰዓቱን አየ።

«ባባ፣ ሱሪው በቃ አይዘጋም። አርፍደናል። ልበሰውና እንሂድ፣ ትራፊክ አለ።»

ይኸው፤ ስናፍቀው የኖርኩት ግብዣ «ትራፊክ አለ» ሆኖ መጣ። ምን ላድርግ፣ ወሰድኩት። ሽርጡን ፈትቼ አገለደምኩ፤ የኪራዩን ኮት ደረብኩ። እጄ አሳሰሩን አልረሳውም። ልጄ ሱሪውን በመስቀያ ይዞት ወረደና ከኋላ ወንበር ላይ አንጠለጠለው። «ምናልባት» አለ። ምናልባት ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

አዳራሹ በር ላይ የሙሽሪት አባት አዩኝ። ከእግሬ እስከ ጥምጥሜ፣ አዎ ጥምጥሙንም አድርጌያለሁ፣ አዩኝና፣ «እጥበቱ አለቀ ማለት ነው?» አሉኝ። ጎን ለጎን ወንበር ሰጡን። እኩል በእጃችን ጠራርገን፣ እኩል ሰብስበን ተቀመጥን። እሳቸው በትክክል ተቀምጠዋል። አንዲት አክስት ፎቶ ስታነሳን ልጄ መኻላችን ገብቶ፣ በሁለቱም ቀሚስ ለባሾች ትከሻ ላይ እጁን ጣል አደረገ።

ፎቶው አሁን ግድግዳዬ ላይ ነው። ከሥሩ ያኛውን፣ የምርቃቴን ፎቶ ሰቅያለሁ፤ ለሃምሳ ዓመት ያህል ከአልበም አውጥቼው የማላውቀውን። አባቴ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቶ፣ ባንድ እጁ ወገቡን ይዞ ቆሟል። ልጄ ረሳ። አባቴ ረስቶ ይሆን? አይመስለኝም፤ ረስቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይመጣ ነበር። ሻይ ስጠጣ ከፊቱ እቆምና አወራዋለሁ፤ ጎረቤት ቢሰማኝ ሽማግሌው ለየለት ይላል፤ ይበል።

«አባዬ፣ ቀኑ አልቋል። ሱሪውን ያውልቁት።»