የእኔ ስልሳ ብር ሽንኩርት

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የጫልቱ ቦታ ባዶ ነበር።

ጫልቱ ከእንጦጦ በኩል ከዳገቱ ወርዳ ላምበረት የቤታችን መታጠፊያ ላይ ሸራ ዘርግታ ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም የምትሸጥ ደንበኛዬ ናት። እሁድ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ ሲመለስ ከእሷ ስለሚገዛ ዋናው ገበያዋ ነው። «ታማ ይሆን እንዴ?» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ያሳሰበኝ የምሳው ቲማቲም ነበር...

ለማታውቁኝ፣ እኔ በሰፈራችን የታወቅኩ የዋጋ ሰው ነኝ። ሦስት ልጅና በአንድ ደሞዝ የሚተዳደር ቤት ይዤ ምን ላድርግ? ዘይት ከሸማቾች፣ ፓስታና ሩዝ መገናኛ ካለ ጅምላ ቤት፣ ሳሙና ደግሞ ከሌላ... ትንሽ የሚቀንስ ካገኘሁ ኮተቤ ድረስ እሄዳለሁ። የታክሲውን ሂሳብ ባሌ አንዴ ጠይቆኝ ተኳርፈናል። ጎረቤት ገበያ ሊወጣ ሲል «የናቲ እናት፣ ምስር የት ይሻላል?» ብሎ ይደውልልኛል። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

ቅዳሜ ዕለት ታዲያ ጫልቱ ጋ ሄድኩ።

«ሽንኩርት ስንት ገባ?»

«ዘጠና።»

«ዘጠና?! ምን ነካሽ ጫልቱ? ሲኤምሲ የእሁድ ገበያ እኮ ስልሳ ነው!»

ስልሳ የሚባል ዋጋ የትም አላየሁም። ሲኤምሲ ገበያ ከሄድኩም ቆይቻለሁ። እንዲሁ አፌ ላይ የመጣውን ነው የጠራሁት። ገበያ አይደል እንዴ... እሷ ሰቅላ ትጠራለች፣ እኔ አውርጄ እጠራለሁ፣ መሀል ላይ እንገናኛለን። እንዲህ አድርጎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ጫልቱ ግን አልተከራከረችኝም። ትክ ብላ አየችኝና «እውነት ስልሳ ገብቷል?» አለች።

«ናቲን!» አልኳት።

በልጄ ማልኩ። ለሽንኩርት።

በሰባ አምስት ሁለት ኪሎ መዘነችልኝ። እሱም አልበቃኝም። «በይ መርቂልኝ እንጂ!» አልኳት። እንደ ልማዷ ሁለት ራስ ሽንኩርት ከላይ ጣል አደረገችልኝ። ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች ሁሉን ሰምተው ኖሮ «ለኛም በሰባ አምስት!» ማለት ሲጀምሩ እኔ ሄጃለሁ። ቤት ገብቼ ለባሌ እንደ ጀግና አወራሁለት።

ትናንት ከሰዓት፣ ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጫልቱ ከታክሲ ስትወርድ አየኋት። ሩቡ እንኳ ያልሞላ ማዳበሪያ ይዛለች። ፊቷ አቧራ ለብሷል።

«አንቺ፣ የት ጠፍተሽ ነው?»

«አንቺ ያልሽው ገበያ ነዋ! ሲኤምሲ።»

ክው አልኩ።

ለካ ቅዳሜ እኔ ከሄድኩ በኋላ የነበራትን ሽንኩርት በሙሉ በሰባ አምስት ሸጣዋለች። እሷ ራሷ ያመጣችው በሰማንያ ነው። «ምን ቸገረኝ፣ ነገ በስልሳ እሞላዋለሁ ብዬ ነዋ» አለችኝ። ጠዋት በሁለት ታክሲ ሲኤምሲ ሄዳ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ዞረችው። ስልሳ ስትላቸው ነጋዴዎቹ ሳቁባት። ከሰማንያ አምስት በታች የሚሸጥላት አጣች። ባዶ እጄን ከምመለስ ብላ ያችን ታህል ገዛች። የእሁድ ገበያዋም እንደዚያው አለፈ።

«አርፍጄ ነው» አለችኝ ላቧን እየጠረገች። «ልጆቹን አብልቼ እስክወጣ ርካሹ አለቀ። ለሚመጣው እሁድ ግን ጎህ ሲቀድ እዚያ ነኝ።»

መናገር የነበረብኝ እዚህ ጋ ነው። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ?

«አዎ... ሳያልቅ አይቀርም።»

ብዬ ወደ ቤቴ! በር ላይ ናቲ ኳስ ይጫወት ነበር። «እማዬ!» ብሎ እየሮጠ መጣና ቀሚሴ ላይ ተጠመጠመ። የማልኩበት ልጅ... አፈርኩ። እሱን ትቼ ተመለስኩ።

«ጫልቱዬ... ስልሳ የሚባል ዋጋ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እንድትቀንሺልኝ ብዬ ነው።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ማዳበሪያዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣

«እሱንማ ሁሉም ይላል» አለች ቀስ ብላ። «ሃምሳ ነው የሚለኝም አለ። አላምናቸውም። አንቺ ስለሆንሽ እኮ ነው... አንቺ ዋጋ አትስቺም።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ቦርሳዬን ስከፍት «ተዪው» አለችኝ። ዞር ብላም ሸራዋን መዘርጋት ጀመረች። ማታ ባሌ ወጡን እያደነቀ ሲበላ እኔን አልዋጥልሽ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሄድኩ። ሽንኩርት አልፈለግኩም፣ ቤት ሞልቷል። ግን ምን ብዬ ልቅረባት?

«ስንት ነው?»

«ዘጠና አምስት።»

አፌ በልማዱ ተከፈተ... መልሼ ዘጋሁት። ሁለት ኪሎ አስመዝኜ፣ ከፍዬ፣ ፌስታሌን ይዤ ዞር ስል «የናቲ እናት!» ብላ ጠራችኝ። አሁን መጣ፣ የልቧን ልትነግረኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ዞርኩ።

«ምርቃትሽን ሳትቀበዪ?» አለችና ሁለት ራስ ሽንኩርት ፌስታሌ ውስጥ ጣል አደረገችልኝ።

ሁለት ኪሎውን ቤት አውርጃለሁ... እነዚያን ሁለት ራሶች ግን እስካሁን እንደተሸከምኳቸው ነኝ።