የእትዬ ብርቅነሽ ኮምፒውተር

በእኛ ሰፈር፣ መካኒሳ፣ ኮምፒውተር የነበረው ጎረቤታችን እትዬ ብርቅነሽ ቤት ብቻ ነው። ከፕሮግራሞቹ ሁሉ የሥዕል መሣያውን እወዳለሁ፤ የሒሳብ ሠንጠረዡን ግን ገና ሳየው ራሴን ያመኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ትንሽ እንድሥልበት ይፈቅዱልኝ ነበር።

አንድ ሰሞን ኮምፒውተሩ በተከፈተ በጥቂት ደቂቃ ድርግም ማለት ጀመረ። ልጃቸው ሳምሶን ወዲያው ወደ እኔ ዞረ።

«ቫይረስ ነው! ያ በዲስኬት ያመጣሽው ጌም ነው የጨረሰው!»

«እንግዲያው ሁለተኛ እንዳትነኪው፣ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ።

ለምኜ ጌሙን አጠፋሁት። አሁንም ድርግም አለ። ግራ ገብቶኝ እጄን ወደ ኋላው ብሰድ እንደ ካውያ ይፋጃል። ለካ ኮምፒውተሩ እንደ ቴሌቪዥናቸው ገበር ያለው ዳንቴል ለብሶ፣ ማራገቢያው ታፍኗል። ዳንቴሉን የሠሩት ደግሞ ራሳቸው ናቸው፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቅላቸዋል። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

«እትዬ... ዳንቴሉ... ትንሽ አፍኖት ይሆን?» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

ዳንቴሉን ገፈው ይዘው ጓዳ ገቡ። ኮምፒውተሩ እስኪመሽ ሠራ፤ እኔ ግን ተቀይመውኛል ብዬ እዚያ ቤት ድርሽ ሳልል ሰነበትኩ።

በሳምንቱ አስጠሩኝ። ዳንቴሉ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ላይ ጉብ ብሏል! ደንግጬ ላነሣው ስል እጄን ይዘው ወደ ኋላው ወሰዱኝ። በማራገቢያው ልክ ክብ ቀዳዳ ተከፍቶለት፣ ዙሪያው በአበባ ተጠልፏል።

«በይ ክፈቺው» አሉኝ። «አሁንስ ይተነፍሳል?»