የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ኮክ

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዳባት ከተማ ዳር ነበር የሚኖሩት። ጓሯቸው ውስጥ አንዲት ትልቅ የኮክ ዛፍ ነበረቻቸው። ልጃቸው አለነ በ1969 ሚሊሺያ ሆኖ ሲዘምት፣ «ልጄን ብቻ መልሽልኝ እንጂ የዚህችን ዛፍ የአንድ ዓመት ፍሬ አንዲት ሳላጎድል ለፍልሰታ አገባልሻለሁ» ብለው ለማርያም ተሳሉ። አለነ በ1971 ጥር ላይ ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን አብሮት አልመጣም። ሰው እንዳያየው ብሎ ከግቢ አልወጣ አለ።

በዚያው ክረምት ዛፏ ቅርንጫፏ እስኪሰበር አፈራች። ፍሬው ግን ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ እርስ በርሱ የተፋፈገ ነበርና ነሐሴ ሳይገባ እዛፉ ላይ በሰበሰ። ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ባዶ እጃቸውን ሄደው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው አስቀደሱ። ወደ ውስጥ መግባት አፈሩ።

እኔ ያን ጊዜ ደባርቅ የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። በ1972 ሚያዝያ ለሥራ ዳባት ሄጄ ዛፏን አየሁና «ግማሹን በእንጭጩ ያርግፉት» አልኳቸው። የቀረው ንፋስና ፀሐይ ያገኛል፤ ይወፍራል፤ ተቀጥፎም ቶሎ አይበላሽም።

«ምን ትላለህ አንተ? የማርያምን ገንዘብ አርግፊው ትለኛለህ?»

«አለዚያ እንዳምናው ይበሰብስብዎታል።»

«እኔ በእጄ ከማጎድለው እሷው ታበስብሰው!»

ተናድጄ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም እያልኩ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። በሳምንቱ ግን አላስችል ብሎኝ ተመለስኩ። አለነ ከዛፏ ሥር ቆሞ በግራ እጁ እንጭጩን እየቀጠፈ ይጥላል። እናቱ አጠገቡ ቆመው ይጮኻሉ።

«ተው አንተ ልጅ! አንዲት ሳላጎድል ብያታለሁ እኮ!»

አለነ ዞር እንኳ አላለም። «እምዬ፣ እኔስ ጎድዬ አይደል የመጣሁት? አልቀበልህም አልሽኝ?»

የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ወደ ዛፏ ተጠጉና የማይደርስበትን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርገው ያዙለት። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲያ ያልኳቸውን አንድ በአንድ አደረጉ። የወደቀውን ፍሬ በየጠዋቱ እየለቀሙ ቀበሩ፤ ፍሬውን የጋረደውን ቅጠል አነሱ። መቅላት ሲጀምር፣ ሳይለሰልስ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ከነአንገቱ ቀጠፉት። ጭድ ላይም አንዱ ሌላውን ሳይነካ ደረደሩት። ከመቅጠፋቸው በፊት ግን ፍሬውን እንዳይወጋው ብለው ጥፍራቸውን ተቆረጡ። ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ጠዋት ሦስት ቅርጫት ሙሉ ኮክ ወጣ። አገላብጬ አየሁት፤ አንድም የጠቆረ የለበትም። የደብሩ ቄስ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይጠብቁ ነበር። ትልቁን ቅርጫት አለነ በትከሻው ተሸክሞ፣ በግራ እጁ ደግፎ፣ ያን ሁሉ ሰው ሰንጥቆ ገባ። ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ሰው ፊት ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። እናቱ እልል እያሉ ከኋላው ተከተሉት።