የአንሙት ወንበር

ወንድሜ አንሙት ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። ታላቅ እህቱ ነኝና ልናገር፤ ሲበላም ቆሞ ነው፣ ሲያወራም ዓይኑ በር በሩን ነው። ቅኔ ሊማር ወጥቶ ብዙ ዓመት ከረመ። ጣሊያን ሲገባ የቅኔ ቤቱ ተበተነና ደበሎውን እንደለበሰ እኔ ቤት መጣ። መሬት የለው፣ በሬ የለው፤ ያለው ትምህርቱ ብቻ።

የአጥቢያችን የንባብ መምህር ከአርበኞች ጋር ጫካ ስለገቡ ወንበራቸው ባዶ ነበር። አንሙት ያንን ወንበር ቋመጠ። "ካልሰጡህስ?" አልኩት። "ደብረ ማርቆስ ጣሊያኖቹ ጸሐፊ ይፈልጋሉ አሉ" አለኝ። ደሜ ፈላ። "እንግዲያ መጀመሪያ እኔን ቅበር" አልኩት። እሱም ወዶ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሰው እጅ እያዩ መኖር አንገብግቦት ነው።

የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ፍቅረ ሥላሴ፣ እሺም እምቢም አላሉትም። "እስከ ፋሲካ ልጆች ይዘህ አስተምር፤ ከዚያ እኔ ራሴ አንዱን አስነብቤ እወስናለሁ" አሉት። ጎረቤታችን አያ ዓባይ ልጁን ሙላትን ሲሰጥ ፊት ለፊት ተናገረ። "ከከብቶቼ ነጥዬ ነው የሰጠሁህ። በቃሉ ሸምድዶ ቢመጣ ግን አንተን አያድርገኝ" አለው።

ድሮ ትምህርቱ ዋርካው ሥር ነበር። አሁን አውሮፕላን ሰው ተሰብስቦ ካየ ቦምብ ይጥላል፤ አማኑኤል ከተማ ላይ ደግሞ የጣሊያን ምሽግ አለ። ስለዚህ በእኔ በረት ውስጥ ሆነ። የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ዋሻ ስለተደበቁ የቀረን አንድ ሐዋርያ ነው፤ ፊደል የለየ ልጅ ቀጥሎ የሚያነበው መጽሐፍ። አሁን ግን ፊደሉንም የሚለዩት ከዚሁ ነው። መጽሐፉ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ልጆቹ ዙሪያውን ይኮለኮላሉ፣ አንዱ በስንደዶ እያመለከተ ሁሉም ባንድ ድምፅ ይጮኻሉ።

አንሙትስ? አንሙት ደጅ ነው። ሰማዩን ያያል፣ አጥሩን ይዞራል፤ በረቱ ውስጥ ያለው ጆሮው ብቻ ነው። ልጅ ሲሳሳት ከውጭ ሆኖ "ተመለስ" ይላል። "ምነው እንደ እብድ ትዞራለህ፣ ግባና ተቀመጥ እንጂ" ስለው፣ "አውሮፕላኑ ቢመጣ ማን ሊያስወጣቸው ነው?" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ቢሆንም ያናድደኝ ነበር።

በዳግማይ ትንሣኤ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ደጀ ሰላም ገባ። እኛ ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመናል። አለቃ ሐዋርያውን ከመካከሉ ገለጡና ሙላት ፊት አኖሩት። "አንብብ፣ ልጄ" አሉት።

ሙላት መጽሐፉ ላይ አፈጠጠ። ስንደዶውን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ግንባሩ በላብ ራሰ።

"አላልኳችሁም?" አለ አያ ዓባይ ተነሥቶ። "ይሄው፣ ሸምድዶ ነው የከረመ።"

አንሙት ፊቱ አመድ መሰለ። ጋቢውን ሰብስቦ ወደ በሩ መጣ፤ እኔን እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ለጣሊያን ሲጽፍ ታየኝ፤ ከእኔ ጋር እንደ ባዳ ስንተላለፍ ታየኝ።

"ለምንድን ነው የማታነብ?" አሉት አለቃ ልጁን።

"አባ፣ መጽሐፉ ተገልብጧል" አለ ሙላት።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መጽሐፉ ደኅና ነው የተቀመጠ። አለቃ አልሳቁም። "እስቲ አንተ እንደምታውቀው አድርገው" አሉት። ልጁ መጽሐፉን አዞረና ፊደሉ ሁሉ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ሳለ ሳይደናቀፍ ያነበው ጀመር። ሌላ ገጽ ገለጡለት፤ እሱንም አነበበው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ በረቱ የእኔ ነዋ። ሙላት ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከመጽሐፉ ማዶ ነበር። ከተገለበጠ ፊደል በቀር አይቶ አያውቅም።

አለቃ ወደ አያ ዓባይ ዞሩ። "የሸመደደ ልጅ መጽሐፉ በየት ቢዞር ምን ገዶት? ይህ ልጅ ፊደሉን ነው የሚያየው። ወንበሩ የአንሙት ነው" አሉ። አያ ዓባይ የልጁን ራስ ዳበሰና ተቀመጠ።

እልል ልል ስል አንሙት ክንዴን ያዘኝ። "ተዪ፣ እታለም" አለኝ። ቤት ስንደርስ "ሰማይ ሰማዩን ሳይ ልጁን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም" አለና አለቀሰ።

ሰኞ ጠዋት ሙላትን ከጎኑ አስቀመጠው። ፊደሉ ቀና ሲልለት ልጁ ግራ ገባው፤ ገና "ሀ" ላይ ተንተባተበ፣ እንባውም መጣ። አንሙት አለንጋ አላነሳም። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝና አብረን እንጀምር" አለው። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲለምን በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።