ፊታቸውን ያዞሩልኝ መምህር

አያቴ መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ ባለ ደብር የቅኔ መምህር ነበሩ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ እንግሊዝኛ ማስተማር ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ዩኒቨርሲቲ እንደተቀጠርኩ፣ «ተማሪዎቼ ሰዋስዉን ያውቁታል፤ ተናገሩ ስላቸው ግን አንገታቸውን ይደፋሉ» አልኳቸው።

«አፍጥጠህ እያየሃቸው ነዋ! እኔ ጀማሪ ቅኔውን ሊያሳርም ሲቆም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ለእሱ ጆሮዬ ይበቃዋል።»

ሰኞ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ሳቁ። ቆይቶ ቀየት ከሚባል ገጠር የመጣች ልጅ ስለ አባቷ የገብስ ማሳ በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ የማስተምረው እንዲሁ ነው።

አያቴ ሲያርፉ፣ ባዶ መደባቸውን ትቼ ከቀብራቸው በተመለስኩ ማግስትም ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። አንድ ተማሪ ተናግሮ ጨርሶ ተቀመጠ። እኔ ግን ቶሎ ወደ ተማሪዎቹ አልዞርኩም፤ ያን ቀን ፊቴን ያዞርኩት ለራሴ ነበር።